በዛሬው ቀን የተወለደ

ለእመት ልደት ሰው ፊት መናገር ሞቷ ነው። ስብሰባ ላይ ተራው ሲደርሳት እስከ ጆሮዋ ትቀላለች፤ ስልክ ሲጮኽ ሌላ ሰው እስኪያነሳው ድረስ ወረቀት የምታገላብጥ ትመስላለች። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ የሙዚቃ ክፍሉን የሰጧትም ለዚሁ ነው ይባላል። እዚያ የሚመጣ ሰው ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፍቶ ይቀመጣል እንጂ ወሬ አይፈልግም።

መናገር ያቃታትን የምትናገርበት ግን አንድ ጠረጴዛ ነበራት። ከክፍሉ በር አጠገብ የምትገኝ፣ አንድ እግሯ በታጠፈ ካርቶን የተደገፈ፣ ትንሽ ጠረጴዛ። በየጠዋቱ በዚያ ቀን የተወለደ አንድ ዘፋኝ ወይም ሠዓሊ ወይም ገጣሚ ትመርጥና አንድ ሲዲና አንድ መጽሐፍ በሰማያዊ ሪባን አስራ እዚያ ላይ ታስቀምጣለች። የተወለደው ሠዓሊ ከሆነ ሥዕሉን የሚመስል ሙዚቃ ትፈልግለታለች። ዘፋኝ ከሆነ ድምፁን የሚመስል መጽሐፍ። ጥቅሉን «ጥንድ» ትለዋለች። ላንዱ ጥንድ አንዳንዴ ሳምንቱን ሙሉ ስትጨነቅ ትከርማለች፤ አውቶቡስ ውስጥ ሳይቀር ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል።

የበሩ ጥበቃ ነው «እመት ልደት» ብሎ ስም ያወጣላት። ጠዋት ስትገባ ቦርሳዋን እየፈተሸ፣ «እመት ልደት፣ ዛሬ ደግሞ ማንን አዋለድሽ?» ይላታል። ስሙ ተጣብቆባት ቀረ።

ሰዉ ጠረጴዛዋን ሲለምድ «የእኔስ?» ማለት ጀመረ። «ከእኔ ጋር የተወለደው ማነው?» ስለዚህ ለዓመቱ ቀን ሁሉ ካርድ አዘጋጀች፤ ልደቱን ነግሯት ጥንዱን ይዞ የማይሄድ ጠፋ። ማዶ ያለው ሥጋ ሻጭ ከአንዲት ደናሽ ጋር አንድ ቀን ሆኖ ተገኘና «ለሚስቴ እንዳትነግሪብኝ» ብሎ ጥንዱን ሽርጡ ውስጥ ደብቆ ወሰደ። በሳምንቱ ሚስቱ ራሷ መጥታ ደናሿ የደነሰችባቸው ዘፈኖች ሌላ ሲዲ ካለ ብላ ጠየቀች። እመት ልደት ያን ቀን ቤቷ እስክትደርስ ብቻዋን ስትስቅ ሄደች።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ አንዲት ልብስ ሰፊ መጣች። ሜትሯ ከአንገቷ አልወረደም፤ የሹራቧ አንገትጌ ላይ መርፌ ቁልፎች ተሰክተዋል። ሥራ አቋርጣ የወጣች ሴት ነበረች።

«ለልጄ ነው» አለች። «ዛሬ ሃያ ዓመቷ ነው። ሰው ሁሉ ከዚህ ነው የሚወስደው አሉኝ።»

እመት ልደት ካርዱን አወጣች። በዚያ ቀን ሁለት ሰዎች ተወልደዋል። አንደኛው አኮርዲዮን ተጫዋች ነው፤ እስኪያረጅ በየሰርጉ ሲጫወት ኖሮ የልጅ ልጆቹ መሐል አልጋው ላይ የሞተ። ከእሱ ጋር ያጣመረችው የሚያስቅ የጉዞ መጽሐፍ ነበር። ሁለተኛው በጥቁር ኮቱ የሚታወቅ ጊታር ተጫዋች ነው፤ አድናቂዎቹ «ባለ ኮቱ» ይሉታል። ከእሱ ጋር ያለው መጽሐፍ እህቱ የጻፈችው የሕይወት ታሪኩ ነው።

ለሌላ ሰው ቢሆን «ልጅዎ ምን ትወዳለች?» ብላ ትጠይቅ ነበር። ሴትየዋ ግን በሩን በሩን ታያለች፤ እመት ልደትም ሳትጠይቅ ቀረች። እጇ መጀመሪያ ወደ አኮርዲዮኑ ሄደ። ከዚያ ተመለሰ። ባለ ኮቱን ከተማሪነቷ ጀምሮ ትወደዋለች፤ ካርዱን ከጻፈች ወዲህም እሱን የምትሰጠው ሰው ስትጠብቅ ነበር። ሪባኑን አሰረች፤ ትንሿ ወረቀት ላይም «ከአንቺ ጋር የተወለደ» ብላ ጻፈችበት።

ልብስ ሰፊዋ ሽፋኑን በአውራ ጣቷ ዳሰስ አደረገችው። ጨርቅ የምትመርጥ ይመስል ነበር።

«ቆንጆ ልጅ ነው።»

«ድምፁም ቆንጆ ነው» አለች እመት ልደት።

«ደግሞ ገና ወጣት።»

«አዎ። ወጣት ነው።»

ውሸት አልነበረም። ባለ ኮቱ ወጣት እንደሆነ ቀርቷል።

ምሳ ሰዓት አልፎ ጥቂት እንደቆየ ጥበቃው ሻዩን ይዞ በሩ ላይ ቆመ።

«ያቺ ልብስ ሰፊ ምን ልትወስድ መጥታ ነው? በሕይወቷ መጽሐፍ ነክታ አታውቅም እኮ።»

«ለልጇ ነው፣ ጋሼ። ልደቷ ነው ዛሬ።»

«ወይ ጉድ!» አለ ጥበቃው፤ ብርጭቆውን መስኮቱ ላይ አስቀመጠው። «እንዲያውም ደግ አደረገች። ልጅቱ ከሆስፒታል ከወጣች ወዲህ ከክፍሏ ወጥታ አታውቅም።»

«ምን ሆና?»

«እናትየው ጨጓራ ነው ትላለች።»

«ጨጓራ ለዚህ ያደርሳል እንዴ?»

ጥበቃው ወደ ኋላው ዞር ብሎ አየ። «አንድ ሕንፃ ላይ ነው የምንኖረው። በቃሬዛ ሲያወርዷት የታችኛውን በር የያዝኩላቸው እኔ ነኝ። ልጅቱ በገዛ ራሷ ላይ ነው የጨከነችው፣ እመት ልደት። ሕንፃው በሙሉ ያውቃል፤ ሕንፃው በሙሉ ጨጓራ ነው ይላል። እኔም እላለሁ። ምን ልበል ታዲያ?»

እመት ልደት ወንበሩን ይዛ ተነሣች፤ መልሳ ተቀመጠች፤ እንደገና ተነሣች።

ባለ ኮቱ በሃያዎቹ ዕድሜው ሕይወቱን በገዛ እጁ ያጠፋ ሰው ነው። እህቱ በመጽሐፉ የመጨረሻ ምዕራፍ ያን ቀን ከጠዋቱ ጀምራ ትተርከዋለች። ሸሚዙን እንዴት እንደተኮሰ፣ ድመቷን እንዴት እንዳበላ። እመት ልደት ያነበበችው አውቶቡስ ውስጥ ነበር፤ መውረጃዋን አልፋ ሄዳ ነበር። ያንገበገባት አሳዛኝነቱ አልነበረም። ማማሩ ነበር። ያ ምዕራፍ ሞትን ዕረፍት አስመስሎ፣ አሳምሮ፣ አልብሶ ነው የሚያቀርበው። እሷ ደግሞ ሪባን ጨመረችበት። «ከአንቺ ጋር የተወለደ» ብላም ጻፈችበት።

ከውሰት ካርዱ ላይ የልብስ ሰፊዋን ስልክ አግኝታ ራሷ ደወለች። ጠራ፤ ጠራ፤ የሚያነሳው የለም። ደግማ ደወለች። ኮቷን ሳትለብስ ወደ በሩ ሄደች።

«ሱቋ የት ነው?»

«ከዳቦ ቤቱ ቀጥሎ፤ ሰማያዊ በር። ቤቷም ከበላዩ ነው። ቆይ፣ ክፍሉን ማን ይጠብቀው?»

«እርስዎ።»

ጥበቃው አፉን ከፍቶ ቀረ። በሕይወቷ ሰው አዝዛ አታውቅም ነበር።

መንገዱ ቅርብ ነው፤ ለእሷ ግን አላልቅ አለ። የትራፊክ መብራቱ ቀይ ሆኖ ሲቆይ የሕፃን ጋሪ ከምትገፋ አንዲት እናት አጠገብ ቆማ እጇን ትነክስ ነበር። ምን ብዬ ልጀምር እያለች ታስባለች። «ይቅርታ፣ የተሳሳተ ሲዲ ነው የሰጠሁዎት» ልትል አሰበች። ቀላል ነው። ማንም አይጎዳም። ይህን አረፍተ ነገር እየደጋገመች ሰማያዊው በር ጋ ደረሰች።

ልብስ ሰፊዋ ማሽኗ ላይ ተደፍታ የመጋረጃ ጠርዝ ትቀመቅም ነበር። ስልኳ ከጨርቅ ክምር ሥር ሆኖ ይበራል፤ ማሽኑ ሲጮኽ የት ይሰማል።

«እትዬ፣ ይቅርታ፣ የሰጠሁዎት… የተሳሳተ ሲዲ ነው። ልወስደው መጣሁ።»

«ውይ ልጄ፣ ለዚህ ብለሽ ነው? ነገ እመልስልሻለሁ። ምሳዋን ሳደርስላት ሰጠኋት እኮ። ዛሬስ ተመስገን ነው፤ ከእጄ ተቀበለችኝ፣ ወረቀቱን አነበበችው፣ ቀና ብላ አየችኝ። እውነቴን ነው፣ ዓይኔን አየችኝ።» ሴትየዋ ፈገግ አለች፤ መርፌ ከንፈሯ መሐል ይዛለች። «ከዚያ በሯን ዘጋች።»

«ነገ አይሆንም።»

«ምነው?»

እመት ልደት ያዘጋጀችው አረፍተ ነገር አለቀባት። እጇ ላይ የቀረው እውነቱ ብቻ ነበር፤ እሱንም ወደ መሬት እያየች፣ ወለሉ ላይ ከተበተኑት የክር ቁርጥራጮች ጋር እንደምታወራ ሆና ተናገረችው። ባለ ኮቱ እንዴት እንደሞተ። መጽሐፉ በምን እንደሚያልቅ።

ማሽኑ ቆመ። ልብስ ሰፊዋ መርፌውን ከአፏ አውጥታ አንገትጌዋ ላይ ሰካችው። ቀስ ብላ ነው የሰካችው።

«ለልጄ ነው ብዬሽ፣» አለች፣ «ሳትጠይቂኝ?»

«አልጠየቅኩም።»

«ምን ሆነች አትይኝም? ደህና ናት አትይኝም?»

«ብጠይቅዎት ይነግሩኝ ነበር?»

እመት ልደት ይህን ያለችው አጸፋ ለመመለስ ብላ አልነበረም፤ አምልጧት ነው። ልብስ ሰፊዋ ግን በጥፊ እንደተመታች ሆነች። አፏን ከፈተች፤ ዘጋችው። ከዚያ ሱቁን እንደተከፈተ ትታ ደረጃውን መሮጥ ጀመረች፤ ሜትሩ ከአንገቷ ወርዶ ከኋላዋ ይጎተታል።

ላይኛው ፎቅ ላይ የልጅቱ ክፍል በር ቁልፍ አልነበረውም። ሐኪሙ አስወልቁት ብሎ፣ እናትየው ራሷ ነበረች በቢላዋ ፈልቅቃ ያወጣችው፤ በቀረው ቀዳዳ ላይ ልጅቱ ከውስጥ ጨርቅ ወትፋበታለች። እናትየው በሩን ገፋችው። ትንሽ ሄዶ ከባድ ነገር ላይ ቆመ። ቁም ሣጥኑን አስጠግታበታለች።

ከውስጥ ጊታር ይሰማል። እመት ልደት ዘፈኑን አወቀችው። የሲዲው የመጨረሻ ዘፈን ነው፤ ከእሱ በኋላ ምንም የለም። እንዳሰበችውም አለቀ። ቤቱ ጭጭ አለ።

«የኔ እናት» አለች ልብስ ሰፊዋ፤ በሹክሹክታ ነው። በዚህች ሰዓት እንኳ ጎረቤት እንዳይሰማ ድምፅዋን አፍና፣ ከንፈሯን የበሩ ስንጥቅ ላይ ለጥፋ። «የኔ እናት፣ እስቲ ክፈቺልኝ። ሻይ ላፍላልሽ?»

መልስ የለም።

«የኔ ዓለም?»

«ማነው አብሮሽ ያለው?» አለ ከውስጥ ቀጭን ድምፅ።

እናትየው ዞር ብላ አየቻት። ተናገሪ ማለቷ ነው።

«ከ… ከቤተ መጻሕፍት ነኝ» አለች እመት ልደት።

«መጽሐፍ ለማስመለስ ቤት ድረስ ትመጣላችሁ እንዴ?»

«አንመጣም። ማለቴ፣ ዛሬ ብቻ ነው።»

«ዛሬ እኮ ነው የተወሰደው። ስድስተኛ ክፍል ሆኜ የወሰድኩት የእንስሳት መጽሐፍ አሁንም አልጋዬ ሥር ነው። እሱን ፈልጎ የመጣ የለም።»

«ባለ ቀጭኔው?» አለች እመት ልደት ሳታስበው።

«ባለ ቀጭኔው።»

«ፈልገን ፈልገን ሰርዘነዋል እኮ።»

ከበሩ ወዲያ ሳቅ ቢጤ ተሰማ፤ ወይም ሳል ይሆናል። እናትየው ዓይኗን ጨፈነች። እመት ልደት ግንባሯን በሩ ላይ አሳረፈች።

«አነበብሽው?» አለች። «የዛሬውን።»

«መጨረሻውን አነበብኩት። መጽሐፍ ስይዝ መጨረሻውን ነው የማነበው፤ ልማዴ ነው።» ድምፁ ቀረበ፤ ልጅቱ ቁም ሣጥኑ አጠገብ መጥታ የተቀመጠች ይመስላል። «እማዬ፣ አንቺ ነሽ የመረጥሽልኝ?»

ልብስ ሰፊዋ ራሷን ነቀነቀች፤ አዎ ለማለት ነው፤ ግን የራስ ንቅናቄ በበር አይሰማም። እመት ልደት አየቻት። «አዎ፣ እሷ ናት» ማለት ይቻል ነበር። ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ነገር ግን ሱቁ ውስጥ አንዴ ዋሽታ አይታዋለች፤ ውሸቱ የት ድረስ እንደሚያስኬድ።

«እኔ ነኝ የመረጥኩት።»

«ታውቂያለሽ? የእኔን ነገር?»

«አላውቅም ነበር።»

«ታዲያ እንዴት አገኘሽው?»

«ቀኑን አይቼ። የእሱና የአንቺ ልደት አንድ ቀን ነው። ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ እሱን ስለምወደው እሱን ሰጠሁሽ። ሌላ ምክንያት የለውም።»

የልጅቱ ድምፅ ተለውጦ ነበር፤ ባዶ ባልዲ ውስጥ የሚነገር ይመስል ነበር።

«ቀኑን» አለች። «እኔ ደግሞ እማዬ ነግራሽ መስሎኝ ነበር። ሄዳ፣ ልጄ እንዲህ ሆነችብኝ ብላ በአፏ ተናግራ፣ አንቺም ይሄን ሰጥተሻት። ከምሳ ጀምሮ እዚህ ቁጭ ብዬ፣ እማዬ ተናገረች፣ እማዬ ተናገረች እያልኩ ነበር። ያን ዘፈን የምደጋግመው ለእሱ ብዬ አይደለም። እማዬ አወቀችልኝ ብዬ ነው። ለካስ ቀኑ ነው።» ከዚያ ደግሞ፣ «ሂዱ በቃ» አለች። «ጨጓራዬን አሞኛል በሏቸው።»

የእግር ኮቴ ከበሩ ራቀ። የአልጋ ሽቦ ጮኸ። ከዚያ ምንም።

እናትየው በሩን በትከሻዋ ገፋችው፤ ቁም ሣጥኑ ንቅንቅ አላለም። «የኔ እናት! የኔ እናት!» ትላለች፣ አሁንም ታፍና፣ አሁንም በሹክሹክታ፣ እንባዋ በአገጯ ላይ እየወረደ። እመት ልደት እጆቿን በሩ ላይ ዘርግታ ከወዲያ ትንፋሽ እንኳ ቢሰማ ብላ አዳመጠች። የምትሰማው የራሷን ደም ነበር። ያቺን ልጅ ከምሳ ጀምሮ ደግፎ ያቆያትን አንድ ነገር እሷ መጥታ ከሥሯ ነጠቀቻት። እውነቱን ተናግራ ነው የነጠቀቻት።

«ይንገሯት» አለች።

«ምኑን?»

«የሆነውን።»

«እዚህ? ደረጃው ላይ? ሰው ይሰማል እኮ!»

«ይስማ!» አለች እመት ልደት፤ ድምፅዋ ግድግዳውን መትቶ ወደ ታች ወረደ። እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳላት አታውቅም ነበር።

ልብስ ሰፊዋ ወደ ደረጃው አየች፤ ወደ በሩ አየች። «አውቃለሁ» አለች ለበሩ፤ ግን እንደ ምራቅ ውጣው ነበር። «አውቃለሁ ልጄ!» አለች ጠንከር አድርጋ። መልስ የለም። ያኔ የሆነ ነገር ተበጠሰባት።

«ልትሞችብኝ ነበር!» ብላ ጮኸች። «ጨጓራ አይደለም! ልትሞችብኝ ነበር! ልጄ መኖር አስጠልቷት ልትሞትብኝ ነበር፤ ስሙ፣ ሁላችሁም ስሙ፣ ጨጓራ አይደለም!» ታች አንድ በር ተከፈተ፤ ሌላም ተከፈተ። የጥበቃው ሚስት እጇ ላይ የሳሙና አረፋ እንዳለ አንገቷን ብቅ አደረገች። ልብስ ሰፊዋ አላየቻትም። «ምሳ ሰዓት ላይ ነበር። መቀሴን ረስቼ ነው የተመለስኩት። መቀሴን! ባልረሳው ኖሮ ማታ ነበር የምመጣው። ማታ ብመጣ አንቺ የለሽም። በየቀኑ ማሽኑ ላይ ቁጭ ብዬ እሱን መቀስ አየዋለሁ። ያተረፈሽ መቀስ ነው፤ እኔ አይደለሁም። እኔማ ጠዋት ስወጣ አይቼሽ፣ ደህና ዋይ ብዬሽ፣ ምንም ሳላውቅብሽ ሄድኩ!»

ትንፋሽ አጠራት። ጉልበቷ ታጠፈና በሩ ሥር ዘጭ አለች።

ከወዲያ የአልጋው ሽቦ ጮኸ።

«መቀስሽን ረስተሽ ነው የመጣሽው?»

«አዎ።»

«ልቤ ነገረኝ ብለሽኝ አልነበር? ሆስፒታል፣ እጄን ይዘሽ፣ የእናት ልብ ነገረኝ ብለሽኛል።»

«ዋሸሁሽ።»

ድምፁ እንደገና ወደ ቁም ሣጥኑ ቀረበ። «ሌላስ ምን ዋሸሽኝ?»

እናትየው እጅጌዋን አፏ ላይ አድርጋ ጥቂት ቆየች። ከዚያ መናገር ጀመረች። የልጅቱ አባት ከቤት ከሄደ በኋላ የሆነውን። ቃሬዛው ሲመጣ ቀድማ ያደረገችው ነገር ጎረቤት እንዳያይ መጋረጃ መዝጋት እንደነበረ። ሐኪሙ «ያናግሯት» ሲላት «እሺ» ብላ ሾርባ መሥራቷን። አሁን አትጮኽም፤ አትሾካሾክምም። እንደ ሰው ትናገራለች።

ልጅቱ በሩን አልከፈተችም፤ ቁም ሣጥኑም ከቦታው አልተነቃነቀም። የጥበቃው ሚስት ምንም ሳትል ወጥታ ከሁለቱ በላይ ባለው ደረጃ ላይ ተቀመጠች። እመት ልደት መሄድ ያለባት መሰላትና ልትነሣ አለች፤ ልብስ ሰፊዋ ወሬዋን ሳታቋርጥ የቀሚሷን ጠርዝ ጨምድዳ ያዘቻት። ተመልሳ ተቀመጠች።

እናትየው ስታርፍ የበሩ ወዲያ ዝም ይላል። ዝም ባለ ቁጥር ሦስቱም ሴቶች ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። ዝምታው አንዳንዴ አጭር ነው፤ አንዳንዴ ደግሞ በጣም ይረዝምና እናትየው እጇን ወደ በሩ ትሰዳለች።

«ከዚያስ?» ይላል ያኔ ከውስጥ።